መጨረሻ ላይ የነካው እጅ

አንድ ከተማ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤቶች በተደረደሩበት ጎዳና ላይ፣ የሻረግ የምትባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበረች። እጇ የተባረከ ነው፤ ምላሷ ግን ከእጇ ይቀድማል። ሞተ የተባለ ማሽን ተሸክሞ የመጣ ሰው ሁሉ ከሷ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «እንደምን ዋልክ» አይደለም፤ «ምን ሆነብህ» አይደለም። «መጨረሻ ላይ ማን ነካው?» ነው።

ጥያቄው እንዲሁ ለወግ የሚጠየቅ አልነበረም። ማሽን ከመሬት ተነሥቶ አይበላሽም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ላበጅህ ብሎ የገባበት እጅ ነው ብላ ታምናለች። ደንበኛው ስም ሲሰጣት ሽፋኑን ትከፍትና የዚያን ሰው ሥራ ጎዳናው እንዲሰማ አድርጋ ትተነትነዋለች። ይህን ገመድ እንዲህ የወጠረው ልብስ ሊያሰጣበት ነው? እዚህ ጋ የነበረውን ብሎንስ ለመታሰቢያ ወስዶት ነው? ጎረቤቶቿ ስማቸው ከሷ በር ላይ እንዳይነሣ ሲሉ ሥራቸውን ደግመው ማየት ለመዱ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የዚያ ጎዳና ሥራ የተሻሻለው በሷ ምላስ ነው። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ትኮራበታለችም። ለምን አትኮራ?

አንድ ጠዋት ጋሽ ደምመላሽ ኮምፒውተራቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው መጡ። ጋሽ ደምመላሽ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ናቸው፤ በዚያ ከተማ እሳቸው ያላስለቀሷት የሙሽራ እናት የለችም። ማሽኑ ሥራ እንደጀመረ ይግላል፣ ከዚያ ድርግም ብሎ ይጠፋል። በዚያ ማሽን ካልሠሩ ደግሞ ሌላ እንጀራ የላቸውም።

የሻረግ እንደ ልማዷ ጠየቀች። ጋሽ ደምመላሽ በአገጫቸው ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ጠባብ ሱቅ አሳዩ። ባለፈው ሰሞን ማዶ ያለው ቸርነት አቧራውን ጠርጎላቸው ነበር።

ሽፋኑን ከፈተችው። የማሽኑ አንጎል፣ ቦርድ በሚባለው ሰፊ ሰሌዳ ላይ የተቀመጠው ፕሮሰሰር ነው፤ በላዩ ላይ ሙቀቱን የሚስብለት የብረት ማቀዝቀዣ ከነማራገቢያው በአራት ብሎኖች ተጭኖ ይታሰራል። የሻረግ ማቀዝቀዣውን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ ተነቃነቀ። ቸርነት ብሎኖቹን በአንድ በኩል አላልቶ ስለተዋቸው ብረቱ ፕሮሰሰሩን በቅጡ አልነካውም፤ ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ ነበር።

ከወንበሯ ሳትነሣ ወደ ማዶ ተጣራች። «ቸርነት! ብሎን ትፈራለህ እንዴ? ወይስ እንዳያምመው አዝነህለት ነው?»

ጎዳናው ሳቀ። ቸርነት ሱቁን ከከፈተ ገና ዓመት ያልሞላው፣ የመንታ ልጆች አባት ነው። ደንበኛ ሊለምደው ሲል ነው ይህ የመጣበት። አንገቱን ደፍቶ ወደ ውስጥ ገባ።

የሻረግ ማቀዝቀዣውን አወለቀች። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል የሚቀባውን፣ ደርቆ እንደ ኖራ የተሰነጠቀውን ነጭ ቅባት ጠርጋ አዲስ ቀባች። እስከዚህ ድረስ ያየ ሁሉ እጇን ያደንቅ ነበር። ከዚያ ማቀዝቀዣውን መልሳ ልታስር ካቻቢቴዋን አነሣች፤ ሳቁን ሰምተው በር ላይ የቆሙትንም አየት አደረገቻቸው። ብሎን እንዴት እንደሚጠብቅ እዩ አለቻቸው። አንዱን ጥግ ይዛ በሙሉ ክንዷ አጠበቀችው፤ ብሎኑ በቃኝ ካለም በኋላ ጨመረችበት። ቀጥላ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውንም እንዲሁ አደረገች። የጨመረችው ለማሽኑ አልነበረም። ለቸርነት ነበር።

አበራችው። ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አጠፋችና ደግማ አበራችው። ጥቁር።

ሥራ የምታውቅ ሴት ናትና አልደነገጠችም። ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅላ ሰካችው፤ ደህና ነው። የስክሪኑን ገመድ ከሌላ ማሽን አምጥታ ቀየረችው። ቦርዱ ላይ የሚሰኩትን ሜሞሪዎች አውጥታ ወርቃማ ጠርዛቸውን በላጲስ ፈገፈገች፣ መልሳም ሰካች። ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ከመደርደሪያዋ ባወረደችው ሌላ ሞከረችው። ሁሉም ትክክለኛ ሥራ ነበር፤ ሁሉም ምንም አላመጣም። ቀኑ ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ በሯ ላይ የቆሙት ሰዎች ቁጥር ጨመረ፤ ግማሾቹ ቻርጀር ሊጠይቁ የመጡ መስለው ነበር። እሷ ደግሞ ማሽኑን ከዳር እስከ ዳር ፈትሻዋለች። ያልፈተሸችው ጠዋት በገዛ እጇ ያሰረችውን ብቻ ነው።

ጋሽ ደምመላሽ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«የሻረግ፣ በከንቱ አትልፊ። ያ ልጅ ጨርሶት ነው የሰጠኝ። ሙቀቱ ቦርዱን አቃጥሎታል በይኝና ልሂድ። ከሱ ጋር እኔው እነጋገራለሁ።»

የቆሙት በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ጎዳና «ቦርዱ ተቃጥሏል» ከተባለ ይግባኝ የለውም። ቃሉን የሻረግ ብትናገረው ደግሞ ማንም አይጠራጠርም። እንዲያውም መናገርም አያስፈልጋትም፤ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። የላላውን ብሎን ሁሉም በዐይናቸው አይተዋል። ቸርነት የሰው ማሽን አቃጠለ ተብሎ ሱቁን ይዘጋል፤ የሷ ስም ግን አንዲት ጭረት እንኳን ሳይነካው ይውላል።

ቸርነት መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። እውነት አቃጥዬው ይሆን እያለ ራሱን ሲጠይቅ እንደቆየ ያስታውቃል። ቢሆንም ከበሩ ላይ ቆሞ አፉን ከፈተ።

«እትዬ የሻረግ፣ የርስዎኑ ጥያቄ ልጠይቅዎት። መጨረሻ ላይ ማን ነካው?»

አንዱ ሳቁን ሳል አስመሰለው። የሻረግ ቸርነትን አየችው፣ ማቀዝቀዣውን አየችው፣ ከዚያም መዳፏን ገለጠች። የካቻቢቴው እጀታ የፈገፈገው ቦታ ውሃ ቋጥሯል። በብሎን ሥራ መዳፏ ውሃ የቋጠረበትን ጊዜ አታስታውስም።

«የሻረግ» አለች። «መጨረሻ ላይ የነካችው የሻረግ ናት።»

ወንበሯን ወደ ማሽኑ ሳበችና መብራቱን አስጠጋች። «በሉ ቅረቡ። የዚችን ሴትዮ ሥራ እንየው።»

ሌላውን ስትተነትን እንደኖረችው አድርጋ የራሷን ሥራ ትተነትነው ጀመር፤ ድምጿንም አልቀነሰችም። ይህች ሴትዮ ከምን ጋር ነው የምትታገለው? ማሽኑ በመስኮት ሊያመልጣት ነው? አንዱን ጥግ እስከ መጨረሻው አጥብቃ ነው ወደ ሌላው የሄደችው፤ በአንጻሩ ካለው ጋር እያፈራረቁ ትንሽ በትንሽ ማጥበቅ የሚባለውን ማንም አልነገራትም መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ዐይኗን ከቦርዱ ጠርዝ ትክክል አደረገች። ጣቷን ቀሰረች።

«ይኸውላችሁ። ቦርዱን እንደ ኮርቻ አጉብጣዋለች። ሲጎብጥ ሜሞሪው ከመቀመጫው ብድግ ብሏል። ሜሞሪ የማይነካው ማሽን ምን አባቱ ሊያሳይ ነው?»

ሰዉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ቸርነት ብቻ አልሳቀም፤ የያዘውን ትንፋሽ ሲለቅ ትከሻው ወረደ።

አራቱንም ብሎኖች ፈታች። ማቀዝቀዣውን አንሥታ ቅባቱን ጠርጋ እንደገና ቀባች። አሁን ካቻቢቴውን በጣቷ ጫፍ ብቻ ያዘችው። አንዱን ትንሽ ካዞረች በአንጻሩ ያለውን ትንሽ ታዞራለች፤ ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን። ብሎኑ በቃኝ ሲላት እሷም በቃ አለች። ቦርዱ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሜሞሪዎቹን ቀጭ እስኪሉ ድረስ ተጭና አበራችው።

ማሽኑ አጭር ድምፅ አሰማ። ቀጥሎ በስክሪኑ ላይ ጋሽ ደምመላሽ ገና ያልጨረሷት ሙሽራ ከነአበባዋ ብቅ አለች።

ጋሽ ደምመላሽ መርቀው ሲያበቁ ለጠየቃቸው ሰው ምን ብለው እንደሚናገሩ ጠየቋት። የሻረግ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መለሰች።

«ቸርነት አላልቶ አጋለው፣ የሻረግ አጥብቃ አጨለመችው፣ የሻረግ አበጀችው ይበሉ። ከሦስቱ አንዱንም እንዳይዘሉ፣ ጋሼ።»

«እኔን ባይጨምሩኝስ?» አለ ቸርነት።

«ያላላኸው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እንግዲህ። እኔ የራሴን ስለተናገርኩ ያንተ ይሰረዛል መሰለህ?»

እዚህ ላይ የሻረግ ትሕትናን ተማረች የሚል ቃል የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይቅርታ፤ አልተማረችም። በዚያ ምሽት ወደ ቤቷ ስትሄድ አንገቷ ከወትሮው ቀና ብሎ ነበር። የተለወጠው የምትኮራበት ነገር ነው። ቀድሞ ኩራቷ በየቀኑ የሰው ስሕተት ካልቀረበለት የሚራብ ነበር፤ ለዚያም ነው ብሎኑን ለቸርነት ስትል ቦርዱ እስኪጎብጥ ድረስ ያጠበቀችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የገዛ ሥራዋን በሰው ፊት ፈትታ የማየት አቅም አላት፤ ይህ ደግሞ የሰው ስሕተት ኖረም አልኖረም የማይቀንስ ኩራት ነው። ዛሬም «ማን ነካው?» ትላለች። እሷ ያበጀችው ማሽን ዳግም ሲበላሽ ወደ ቸርነት የሚወስዱ ደንበኞች አሉ፤ እሱም ጥያቄውን ይጠይቃቸዋል። ስሟ ሲጠራ የሻረግ ከማዶ ሆና ጮክ በል፣ አልሰማሁህም ትለዋለች።

ሌላውን ለማሳፈር ብለን የምንጨምረው ኃይል ሥራው ውስጥ ገብቶ ሥራውን ያጎብጠዋል። የጎበጠውን ለማቃናት ደግሞ ሁሉን ፈትሸን የራሳችንን እጅ ከዘለልን ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። በቤትም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በትዳርም እንዲሁ ነው።

እርስዎስ፣ ዛሬ አልነሣም ብሎ ያስቸገረዎት ነገር ካለ፣ መጨረሻ ላይ የነካው ማን ነበር?