ደረጃው ያደገው ግድብ

ከአንድ ትንሽ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ሥር የምትኖር፣ መልስ የማይቸግራት ባልቴት ነበረች። ግድቡ አምና ወገቡ ላይ ስለተሰነጠቀ የደኅንነት ደረጃው «አስጊ» ተብሎ ነበር። ዘንድሮ ስንጥቁን ማንም ሳይደፍነው፣ ከወረዳ የመጡት ኃላፊ ሕዝቡን እዚያው ግድቡ ሥር ሰብስበው ደረጃው «እጅግ አስተማማኝ» መሆኑን አበሰሩ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ባልቴቷ ግን እጇን አጣጥፋ ቆመች።

ኃላፊው አፈጠጡባት። «አንቺ ሴትዮ፣ ባለሙያ የመሰከረለትን ግድብ አላምንም ልትዪ ነው? ሕዝብ ማሸበር እንደሚያስጠይቅሽ ታውቂያለሽ?»

ባልቴቷ የጠቆረውን ደመና አየች፤ ከዚያ ዓይኗን ከመንደሩ ጎን ወዳለው ኮረብታ ላከች።

«ኧረ እኔስ አምኛለሁ፣ ጌታዬ! ይልቅስ መኪናዎን እዚያ ኮረብታ ላይ አውጥቶ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ የሚጠብቅዎትን ሹፌርዎን ያሳምኑልኝ።»