የቡናማው እባብ አገር

ምላሷን የፈራ ሁሉ ሰላምታውን የሚያሳጥርላት አንዲት ባልቴት ነበረች፤ እባብ በመለየትም የሚያህላት አልነበረም። አንድ ቀን ፊታውራሪ አምባዬ አስጠሯት። ብትደርስ ጭሰኛው ውብነህ የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል፤ እግሩ ሥር በዱላ የተገደለ ቡናማ እባብ ተጋድሟል፤ አገሬውም ዙሪያውን ከቧል።

«ይኸ ከሃዲ እባብ ከበረሃ አምጥቶ ግቢዬ ለቀቀብኝ። አንቺ ሴትዮ፣ መርዘኛ ነው ብለሽ መስክሪና ከነልጆቹ ከመሬቴ ላባርረው!» አሉ።

ባልቴቷ ውብነህን አየችው። እንኳን እባብ ሊይዝ እንሽላሊት ሲያይ የሚዘል ሰው ነው። እባቡን በዘንጓ ገልበጥ አደረገችው፤ አንገቱ ሰፊ፣ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። መርዝ የለውም ብላ እንዳትዋሽ፣ ነገ አንዱ ልጅ ሌላ እንዲህ ያለ እባብ በእጁ ሊያነሳ ነው።

«መርዘኛ ነው ጌታዬ። ሲቆጣ አንገቱን የሚነፋው ነው፤ ከነከሰ አያስተርፍም።»

«ሰማችሁ!» ብለው ፊታውራሪ ተኮፈሱ።

«ይታገሱ እንጂ፣ መች ጨረስኩ? አገሩን አልጠየቁኝም እኮ። ከበረሃ ቢመጣ ሆዱ ከጀርባው በተጣበቀ ነበር፤ እሱ ግን ከእርስዎ እኩል ወፍሯል። ይኸ እባብ አይጥ ካለበት አይርቅም፤ አይጥም እህል ካለበት አይርቅም። ከሰኔ ጀምሮ እኛን ‹ጎተራዬ ባዶ ነው› እያሉ ሲመልሱን፣ ለካ እሱን ኖሯል ሲቀልቡ የከረሙት!»

የተራበው የአገሬው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ጎተራው አዞረ። ፊታውራሪም የውብነህን ገመድ በገዛ እጃቸው መፍታት ጀመሩ።