ነፋስ የጣለው ዋንዛ

የግራዝማች ላቀው ዋንዛ ወድቆ የአንድ ድሃ ቤት አፈረሰ። ካሳ ቢጠይቃቸው ሽማግሌ ፊት ቀርበው፣ «ዛፉ የነፋስ ነው፤ ነፋስን ክሰስ» ብለው ማሉ።

ድሃው የሞተር መጋዝ ተውሶ፣ ቤንዚን በጠርሙስ እየለመነ፣ ከሰል በተለቀለቀ ሲባጎ ግንዱ ላይ መስመር እየመታ፣ ቤቱን መልሶ የሚሠራበትን ሳንቃ አወጣ። ሳንቃው ማማሩን የሰሙት ግራዝማች እነዚያኑ ሽማግሎች አስከትለው መጡ።

«አንተ፣ ይህን ዋንዛ የተከለው አባቴ ነው። ሳንቃውን አሸክመህ ቤቴ አድርስ።»

ድሃው መጋዙን አጥፍቶ እጅ ነሳ።

«እሺ ጌታዬ። ያን ዕለት ዛፉ የነፋስ ነው አሉ፤ ዛሬ የአባቴ ነው አሉ። እንግዲያው አባትዎ ነፋስ መሆናቸውን ለሽማግሎቹ ይማሉና ይውሰዱት።»

ሽማግሎቹ አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ግራዝማች በቅሏቸውን አዙረው ሄዱ። ሳንቃው ድሃው ዘንድ ቀረ።