ወንዝ የወሰደው የአያ ጅቦ መርዝ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ሰዎች ወንዝ ዳር ጥለውት የሄዱትን በርሜል አገኘ። ውስጡ ለአንበጣ ማጥፊያ የመጣ መርዝ ነበር። አያ ጅቦን ያማለለው ግን መርዙ ሳይሆን በርሜሉ ነው። ክዳኑ ግጥም ይላል። ጮማውን ከአሞራና ከዘመድ የሚደብቅበት እንዲህ ያለ ዕቃ ዕድሜ ልኩን ሲመኝ ኖሯል።

«እመት ቀበሮ፣ ውስጡ ያለውን ምን ላድርገው?» ሲል ጠየቃት።

ቀበሮ አሸተተችና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እሷ ራሷ የማትነካውን ነገር ሌላው እንዲነካው ማድረግ ታውቅበታለች።

«ወንዙ ውስጥ ድፋው፤ ውሃ ይወስደዋል።»

«ወዴት ይወስደዋል?»

«ወደ ታች ነዋ። ደግሞ የታች አገር ምንህ ነው? ብቻ በርሜሉ ሲሞላ እኔን እንዳትረሳኝ።»

ወንዙ ታች ወርዶ የሚገባው ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ወደዚያ ሐይቅ ደግሞ ውሃ ይገባል እንጂ አይወጣም። አያ ጅቦ ይህን አላሰበም። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ በርሜሉን ዘቀዘቀው። በማግስቱ ወንዙ እንደ ወትሮው ጠርቶ ሲፈስ አይቶ ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ መሆኑን ማን በነገረው።

ዓመታት አለፉ። ልጁ ጮሚት ከሐይቁ ዳር ተዳረች፤ ወለደችም። የመጀመሪያ ልጆቿ ግን ሳይድሁ ሞቱ። ጎረቤት «ቡዳ በልቷቸው ነው» አለ። የጅብ ልጅ በቡዳ ተበላ ሲባል ማንስ ያምናል?

ሁለተኛ ስትወልድ አያ ጅቦ ሊጠይቃት ወረደ። በሐይቁ ዳር ወግ የዓሣ ጮማ የአራስ ነው፤ ወተቷን ያበዛል ይባላል። አማቹ ትልቅ አምባዛ ይዞ መጣ። አያ ጅቦ ስቡን ሲያይ ምራቁ ተንጠባጠበ። ሆኖም በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ሁሉንም ወደ ልጁ ገፋላት።

«አባዬ፣ አንተስ?»

«እኔ ጠግቤያለሁ። ብዪ፣ ለልጆቹ ነው።»

ወር ሙሉ እንዲሁ አደረገ። ልጆቹ ግን እየከሱ ሄዱ፤ ሁለቱ ሞቱ፣ አንዷ ቀረች። አያ ጅቦ ጨንቆት ሐይቁ ዳር ሲንቆራጠጥ እማማ ኤሊ ከውሃው ብቅ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ጮማውን አታብላት። እዚህ ውሃ ውስጥ የማይጠፋ መርዝ አለ። ትሉ ይበላዋል፤ ትሉን ትንሹ ዓሣ፣ ትንሹን ዓሣ ደግሞ አምባዛው ይበላዋል። ከሆድ ወደ ሆድ ሲሄድ እየተጠራቀመ ነው። ማደሪያው ስብ ነው፤ ከእናት ስብም በወተት ወደ ልጅ ይወርዳል። ከሩቅ የሚመጡት ወፎች እንደነገሩኝ፣ ማንም ምንም ባልደፋበት በበረዶው ባሕር እንኳ ነጯ ድብ ልጇን የምታጠባው ይህንኑ ነው።»

አያ ጅቦ መርዙ ከየት እንደ መጣ አልጠየቀም።

«መቼ ይወጣል?» አለ ብቻ።

«የኤሊ ዕድሜ ረጅም ነው። እኔ ግን መውጣቱን የማይ አይመስለኝም።»

ሲመለስ ጮሚት የቀረችላትን ልጅ እየላሰች አገኛት።

«ከእንግዲህ የሐይቁን ጮማ አትብዪ» አላት።

«እሺ አባዬ። አንተ ግን አትዘን። የራስህን ድርሻ እንኳ ሳትቀምስ ለእኔ ሰጠህ። እንዳንተ ያለ አባት የለም።»

አያ ጅቦ እውነቱን ሳይነግራት ጎኗ ተቀመጠና የትንሿን ትንፋሽ ሲያዳምጥ ዋለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ውሃ ወሰደልን ብለን የረሳነው ጥፋት ዞሮ ዞሮ የራሳችን ልጅ ጓዳ እንደሚገባ ነው።