ማን ቆፍሮ ያያል?

አንዲት ሴት ነበረች፤ ምግብ እንዳይበላሽ መላ በመፈለግ ዕድሜዋን የምትፈጅ ተመራማሪ። ስሟ ዘቢደር ነው። ያደገችው ጉራጌ አገር፣ እናቷ ቆጮውን በኮባ ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ሲቀብሩ እያየች ነው። ቆጮው ሳይበላሽ ይቆያል፤ ኮባው ሥራውን ጨርሶ አፈር ይሆናል። በዚህ የሚገረም ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን የእናቷ ላም ሞተች። ሆዷ ሲከፈት ፌስታል ሞልቶት ተገኘ። እናትየው ቆመው አዩና «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ተምረሽ ለዚህ መላ የለሽም?» አሏት።

ዘቢደር በራሷ ተናደደች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አልታያትም፤ ከእንሰት ስስ መጠቅለያ ለመሥራት ተነሣች። ስንት ጊዜ ከሸፈባት! በመጨረሻ ተሳካላት። ቲማቲም ተጠቅልሎበት ረጅም መንገድ ቢጓዝ አይላሽቅም፤ መጠቅለያው ሲጣል ደግሞ ይበሰብሳል። አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ዝናብ ሲነካው ይልፈሰፈሳል።

አቶ ሽብሩ የሚባሉ ባለ ፋብሪካ ወሬውን ሰምተው ቤተ ሙከራዋ ድረስ መጡ። መጠቅለያውን በጣታቸው እያሹ «ዶክተር፣ ድንቅ ሥራ ነው» አሏት። «ማሽኑን እኔ እተክላለሁ፤ በየገበያው ታዪዋለሽ። ለዝናቡ ትንሽ ፕላስቲክ እንቀላቅልበታለን፤ ትንሽ ብቻ። ላዩ ላይ ያው አፈር ይሆናል ብለን እንጽፋለን።»

«ፕላስቲኩ እኮ አፈር አይሆንም።»

«አይ ልጄ፣ ማን ቆፍሮ ያያል?»

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ለማን እንደተናገሩት ልብ አላችሁ? እሳቸው ከተማ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸው የተቀበረ ነገር ያለቀለት ነገር ነው።

ዘቢደር መጠቅለያዋን ገበያ ላይ ለማየት ምን ያህል ትጓጓ ነበር! በሩ አጠገብ የቆመው አለቃዋም «ዘቢ፣ አሁን እሺ በዪ፤ በኋላ ታሻሽዪዋለሽ» እያለ በዓይኑ ይለምናታል።

«አቶ ሽብሩ» አለች፣ «እኛ ቤት ሰው ቆፍሮ ነው የሚበላው። እናቴ ጉድጓዱን እየከፈተች ታያለች፤ ያረጀውን ኮባ አውጥታ አዲስ ታለብሳለች። የሚቆፍር የለም ብለው ለእኔ አይንገሩኝ። ማንም ባይቆፍር እኔ ራሴ እቆፍራለሁ። አይሆንም።»

«እንግዲህ ራስሽ ታውቂያለሽ» ብለው ወጡ። ፋብሪካው ቀረ። አለቃዋም አኮረፋት።

ከዚያስ? መጨረሻው አምሮላት፣ ከውጭ ትልቅ ድርጅት መጥቶ፣ አቶ ሽብሩ አፈሩ ብዬ እንድነግራችሁ ትጠብቃላችሁ አይደል? ልጨምርላችሁ እችላለሁ። እናንተም ታጨበጭባላችሁ። ማን ቆፍሮ ያያል?

አልጨምርም። መጠቅለያው ዛሬም ዝናብ ሲነካው ይልፈሰፈሳል። ዘቢደር ዛሬም ነጭ ጋውኗን ለብሳ እየሞከረች ነው። ሥራዋ ገና አላለቀም፤ ውሸት ግን የለበትም።

እናንተስ? በርበሬ የምትሸጡ፣ «ትንሽ ቀይ አፈር ብንጨምርበት ማን ያውቃል?» ያላችሁ የለም? ቅቤ የምትነግዱ፣ ሙዝ አልቀላቀላችሁም? ለዘመድ ብላችሁ ችሎት ፊት ያላያችሁትን አየን ያላችሁስ? እኛ ሰባኪዎችስ፣ ያልሆነ ተአምር ጨምረን ምእመኑን አላስለቀስንም? ሁላችንም ትንሽ ብቻ ነው የምንለው። ያቺን ላም የገደላት እኮ አንድ ትልቅ ነገር አይደለም፤ አንድ አንድ እያለ የተጣለ ፌስታል ነው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው መጥቶ ትንሽ ብቻ ይላችኋል። አለቃችሁ ይሆናል፤ የገዛ ወንድማችሁ ይሆናል። እምቢ በሉት። ድምፃችሁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እምቢ በሉት። ምንም አይቀርባችሁም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ይቀርባችኋል። ይቅር!

ተነሡ፣ እንጸልይ። በደፈናው ኃጢአታችንን ይቅር በለን እያላችሁ ግን አትጸልዩ። እምቢ የምትሉትን ነገር እያንዳንዳችሁ ስሙን ጠርታችሁ ለጌታ ንገሩት።