የማይታየው ነዳፊና የሸምሲያ እንስራ

አንድ ዝናብ የማያውቀው የባሕር ዳር አገር ነበረ። ሰዎቹ ከባሕሩ ሥር ዕንቁ እየለቀሙ ይኖራሉ፤ የሚጠጣ ውሃ ግን ከዕንቁው ይልቅ ብርቅ ነበረባቸው። ውሃው ከሩቅ ጉድጓድ በእንስራ ይመጣል፣ በጽዋ ይታደላል። ስለዚህ በዚያ አገር ሰው ማክበር ማለት የጉድጓድ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ለሙሽራ እግር፣ ለእንግዳ እጅ፣ ለሟች ገላ። በሰው ላይ የባሕር ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ትልቅ ንቀት ነው። የባሕር ውሃ የሚደፋው ውሻ ለማባረር ነው።

በዚያ ባሕር ውስጥ አንድ የማይታይ ነዳፊ ነበረ። የሞቃቱ ነፋስ ወር ሲገባ ጠላቂዎች እየጮኹ ይወጣሉ፤ ገላቸው በጋለ ጅራፍ የተገረፈ ይመስል ሰንበር በሰንበር ይሆናል። አንዳንዱ ይድናል፤ አንዳንዱ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እዚያው አሸዋው ላይ ይቀራል። ምን እንደነደፈው ያየ ግን አልነበረም። «ጂኒ ነው» ያለ አለ፤ «የባሕር እባብ ነው» ያለ አለ፤ «ኧረ የሰመጡ ሰዎች እጅ ነው» ያለም አልጠፋ። መቼም ሰው ለማያውቀው ነገር ስም ሲያወጣ ማን ብሎት!

የተነደፉትን የምትቀበል ሸምሲያ የምትባል የውሃ ጠባቂ ነበረች። ጩኸት በሰማች ቁጥር እንስራዋን አዝላ ትሮጣለች፤ ከራሷ ጉሮሮ የቀነሰችውን ውሃ ሳትሰስት ቁስሉ ላይ ታፈሳለች። ባሏ ሁመድ የተነደፈ ዕለት እንስራውን እስከ ጠብታው አፍስሳበታለች። ሁመድ ግን በእጇ ላይ ሞተ። «ምንም ቢሆን ውሃዬን አልነፈግሁትም» ትል ነበር፤ መጽናኛዋ ይኸው ብቻ ነበር። አንድያ ልጇ ያዮ በአባቱ እግር ተተክቶ ጠላቂ ሆነ።

የአገሩ ገዥ የሕዝቡ ማለቅ ቢያስጨንቀው ከሩቅ አገር አንድ ሽማግሌ ጠቢብ አስመጣ። «አባቴ፣ ይህ ገዳይ ምን እንደሆነ ይወቁልኝ፤ መልኩንም ለሕዝቤ ይንገሩልኝ» አለው። ጠቢቡ የደረሰ ዕለት በጽዋ ውሃ የተቀበለችው ሸምሲያ ነበረች። እጁን እያስታጠበች የሁመድን አሟሟት ነገረችው፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ውሃዋን እንዳልነፈገችው ጭምር ነገረችው።

ጠቢቡ የሚቸኩል ሰው አልነበረም። በየጠዋቱ በጀልባ ወጥቶ አንገቱን አቀርቅሮ ውሃውን ያያል፤ ምንም አያይም። አንድ ቀን ግን ጥልቀት በሌለው ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ፣ ነጩ አሸዋ ላይ አንድ ጥላ ሲንቀሳቀስ አየ። ጥላው አለ፤ ባለቤቱ የለም። የብርጭቆ ሳህን ቀስ አድርጎ ከጥላው በላይ ሰደደና ባለቤቱን ይዞ አወጣው።

ዛሬ ጄሊፊሽ ከሚባሉት ወገን ነበር። አጥንት የለው፣ ደም የለው፤ ሰውነቱ እንደ ውሃ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ቅርጹ የተደፋ ጽዋ ይመስላል፤ ነገር ግን ክብ አይደለም፣ አራት ማዕዘን አለው። ከየማዕዘኑ ከሰው ቁመት የሚረዝሙ ቀጫጭን ክሮች ይንጠለጠላሉ። የሚናደፈውም በእነዚያ ክሮች ነው። ሞቶ ዳርቻው ላይ ሲጣል እንኳ ክሮቹ አይምሩም።

ጠቢቡ ይህን ሲመረምር አንዱ ክር ክንዱን ነካው። ቀዛፊዎቹ ደንግጠው ለእርሱ ክብር የተያዘውን የጉድጓድ ውሃ አፈሰሱለት። ያን ጊዜ ሕመሙ በእጥፍ ባሰበት። ነገሩ ገረመውና ሲሻለው ቁራጭ ክር ወስዶ በሁለቱም ክንዶቹ ላይ አሳረፈ፤ ቀኙን በባሕር ውሃ፣ ግራውን በጉድጓድ ውሃ አጠበ። ቀኙ እያደር በረደለት። ግራው ግን አብጦ ራሱን እስኪስት አሰቃየው። ገላ ላይ የቀረው ክር ገና ያልረጨው መርዝ አለው፤ የለመደው የባሕር ውሃ ሲነካው ዝም ይላል፣ የጉድጓድ ውሃ ሲነካው ግን መርዙን ይረጫል። ጠቢቡ ነገሩ ሲገባው ሸምሲያ ትዝ አለችውና «ምነው ባላወቅሁት!» አለ።

ያወቀውን ሁሉ ይዞ ወደ ገዥው ሄደ። ገዥው የሸምሲያን ታሪክ ጭምር እስከ መጨረሻው ሰማና ፊቱ ጨለመ።

«መልኩን ይንገሯቸው፤ ጥላውንም ይንገሯቸው። የውሃውን ነገር ግን ሆድ ይፍጀው» አለ።

«ለምን ጌታዬ?»

«ያቺ ሴት ባሌን በገዛ እጄ ጎዳሁት ብላ ትበድ? ደግሞ እርሷ ብቻ መሰለችዎት? በዚህ አገር ወንድሙን ያላጠበ፣ ልጁን ያላጠበ ማን አለ?»

«ነገ የሚነደፈውስ?»

«መልኩን ካወቁ ይሸሹታል። ማን ይነደፋል ብለው ነው!»

የገዥው ቃል ርኅራኄ አለው። የጠቢቡም ልብ ይህንኑ መስማት ፈልጎ ነበር፤ የሴትዮዋን ፊት እያየ እንዴት አድርጎ ሊናገረው ነው? በማግስቱ ሕዝቡን ሰብስቦ የነዳፊውን መልክ፣ የሚመጣበትን ወር፣ የጥላውን ነገር አንድ በአንድ አስረዳ። ስለ ውሃው ትንፍሽ አላለም። ሕዝቡ በእልልታ መረቀው። ሸምሲያም ጽዋ ሙሉ ውሃ ይዛ መጣችና እጁን ሳመች። «የሁመዴን ገዳይ አሳይተውኛል፤ ዕድሜ ይስጥልኝ» አለችው። እርሱ ግን ጽዋውን ሳይቀምስ መለሰላት።

ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ በአቧራ የታፈነበት ቀን መጣ። ፀሐይ ከሌለች ጥላ ከየት ይመጣል? ያዮ እያየሁ እጠልቃለሁ ብሎ ገባ፤ እየጮኸ ወጣ። ክሮቹ ደረቱንና አንገቱን ተጠምጥመውበት ነበር። ሸምሲያ እንስራዋን አዝላ ስትበር ጠቢቡ ጥምጣሙ እስኪወድቅ ሮጦ ደረሰና እንስራውን ያዘ።

«ልጄ፣ አታፍስሺበት!»

«ይልቀቁኝ! ለአንድያ ልጄ ውሃ ልንፈግ?»

እርሷ ስትጎትት እርሱ ሲጎትት እንስራው ወደቀና ተሰበረ። የጉድጓድ ውሃ አሸዋ ሲጠጣው ያየ ሕዝብ «ኡኡ!» አለ። ጠቢቡ ጥምጣሙን ከባሕሩ ነክሮ በያዮ ላይ ሲጨምቅበት ደግሞ «እንደ ውሻ የባሕር ውሃ ያፈስበታል!» ብለው ድንጋይ አነሱ።

«ምቱኝ፤ ግን ስሙኝ!» ብሎ ጮኸ። «የጉድጓድ ውሃ መርዙን ያስነሳዋል! በክንዴ ሞክሬ አይቻለሁ!» የግራ ክንዱን ገልጦ አሳያቸው፤ ጠባሳው ገና አልጠቆረም። ድንጋይ የያዙት እጆች ቀስ ብለው ወረዱ። ጠቢቡ ደጋግሞ የባሕር ውሃ አፈሰሰ፣ ክሮቹን በእንጨት አነሳ። ከብዙ ጣር በኋላ የያዮ ጩኸት ወደ ማቃሰት ወረደ፤ ትንፋሹም ተመለሰ።

ሸምሲያ ከእንስራዋ ስባሪ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ «ሁመድስ?» አለችው።

«ቀኑ ደርሶ ነው» ቢላት የሚከስሰው አልነበረም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶም ነበር። ግን መለሰውና «መርዙ ብዙ ነበር፤ ውሃው ባይነካውም ይሞት ይሆናል። የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ውሃው ግን ጎድቶታል እንጂ አልረዳውም» አላት።

«ይህን መቼ አወቁ?»

ጠቢቡ አንገቱን ደፋ። «እጄን ከመሳምሽ በፊት።»

ሸምሲያ ድምጿን ሳታነሳ «እኔ ሳላውቅ አፈሰስኩ፤ እርስዎ እያወቁ ዝም አሉ» አለችው። ተነሥታ ጥምጣሙን ከእጁ ተቀበለችና ከባሕሩ እየነከረች ልጇን ማጠብ ቀጠለች። እንባዋ እየወረደ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሞቃቱ ነፋስ ወር በገባ ቁጥር ሸምሲያ ከባሕር የተቀዳ እንስራ ይዛ ዳርቻው ላይ ትቀመጥ ጀመር። ለሚያልፍ ለሚያገድመው «የተነደፈውን በዚህ እጠቡት፤ እኔ ባሌን በደግነት ጎድቼዋለሁ» ትላለች። መናገሩ በየጊዜው ያማት ነበር፤ ግን አላበዳችም። ጠቢቡም ስለዚያ ፍጡር በተጠየቀ ቁጥር ከመልኩ በፊት የውሃውን ነገር ይናገር ነበር ይባላል።

ወገኖቼ፣ የክፉውን ነገር መልክ ነግሮ እኛ ራሳችን በደግ እጃችን የምናባብሰውን መሸሸግ እውነት መናገር አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች፤ ለሰው አዝኖ የደበቀም ያው ነው። ያላወቀ ይቅር ይባላል። ያወቀ ግን ዝምታውን ርኅራኄ ብሎ ቢጠራው ማንን ያድናል?

እስቲ ልባችሁን ጠይቁት፤ «ታዝናለች፣ ይከፋዋል» ብላችሁ ሆድ ይፍጀው ያላችሁት እውነት አለ? ነገስ ያለዚያ እውነት ወደ ባሕሩ የሚገባው የማን ልጅ ነው?