ባዶው አውድማ

ተረት ልንገራችሁ፤ በረቱን ዝጉት፣ ጆሯችሁን ክፈቱት።

ዳልቻ የሚባል ሽማግሌ በሬ ነበር። ጌታው «ከእንግዲህ አርፈህ ሣርህን ጋጥ» ብሎ ቢፈታውም፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እህል የሌለበት አውድማ ሄዶ፣ ሲያበራይ እንደኖረው ይዞራል። ጅብ መንገዱን አጠናና አውድማው ዳር በተከመረው ገለባ ውስጥ አደፈጠ።

ሰዎች በተቀመጡበት ደጃፍ፣ አመድ ላይ የምትንከባለል አሮጊት አህያ «አያ ዳልቻ፣ ና እንንከባለል!» አለችው።

«መዞር ካቆምኩማ ከሥጋነት በቀር ምን ቀረኝ?» ብሎ መዞሩን ቀጠለ።

ጅብ ምራቁን ዋጠ። ዳልቻ ሊደርስበት አምስት እርምጃ ቀረው። ሦስት። አንድ።

ድንገት ዳልቻን ጀርባውን አሳከከው። አህያዋን አየ፤ አፈረ፤ ደግሞ አየ። ከዚያ ዙሩን ጥሶ ወደ ደጃፉ ሮጠና አመዱ ላይ በጀርባው ተዘረረ።

የዘለለው ጅብ ባዶ መሬት ላይ ተደፋ።

«ሥራ የፈታ በሬ!» አለ አፈሩን እየተፋ። «የት እንደሚረግጥ እንኳ አይታወቅም!»